አራት ባጃጅ የሚረዝም ክንፍ ይዞ መነሳት ይቻላል ወይ?

ሐረር ግድር መጋላ ሥጋ ገዝቶ በእጁ አንጠልጥሎ የሚወጣ ሰው ካያችሁ እንግዳ ነው። የአገሩ ሰው ሥጋውን ይሸፍናል፣ ዘንቢል ውስጥ ይከታል፣ ጣሪያ ጣሪያውን እያየ ይሄዳል። ጣሪያው ላይ የተደረደሩት ጭልፊቶች ቀልድ አያውቁማ። ባለፈው ቅዳሜ እኔ ራሴ ከድሬ ብቅ ብዬ ነበር፣ ስልኬን ላወጣ ፌስታሉን ወደ ግራ እጄ ሳዛውር አንዱ ከኋላ መጥቶ ቀዶት ሄደ። ድምፅ እንኳ የለውም። ጆሮዬ ጋ ነፋስ ሽው ሲል ብቻ ነው የተሰማኝ።

ድሬ ተመልሼ ከሰዓት በርጫ ላይ ይህን ሳወራ አብዲ ስልኩን አውጥቶ አንድ ቪዲዮ አሳየን። የሆነ ግዙፍ፣ ምንቃሩ ጦር የሚያህል፣ ክንፉ እንደ የሌሊት ወፍ የሆነ ፍጥረት ግመል አንጠልጥሎ ይበራል። በኮምፒውተር የተሠራ መሆኑ ያስታውቃል። አብዲ ባጃጅ ነጂ ነው፣ ጭነትና ሞተር ምን ማለት እንደሆነ ከማንም በላይ ያውቃል፣ እና ወዲያው ፈረደ። "ግመሉን ተዉት። ይሄን የሚያክል ነገር ራሱን እንኳ አያነሳም። ውሸት ነው አቦ!"

ጋሽ ንጉሤ፣ የምድር ባቡር ጡረተኛ፣ ትራሱን እያመቻቹ "አውሮፕላንስ እየበረረ አይደል?" አሉ።

"ጋሼ፣ አውሮፕላን ሞተር አለው!"

ክርክሩ እስከ ማታ ዘለቀ። እኔም ጽፌ አመጣለሁ ብዬ አፌን አበዛሁና ይኸው ሳምንቱን በሙሉ ሳነብ ከረምኩ።

መጀመሪያ ስሙን እናስተካክል። ብዙ ሰው "የሚበር ዳይኖሰር" ይለዋል። ዳይኖሰር አይደለም፣ ቴሮሶር ነው የሚባለው። ለዳይኖሰሮች የአጎት ልጅ ቢሆን ነው። ወፍም አይደለም። ወፎች ከዳይኖሰር ወገን ነው የመጡት፣ ቴሮሶሮች ግን ዘር ሳይተኩ ነው ያለቁት፣ የዛሬ 66 ሚሊዮን ዓመት ገደማ። ከዚያ በፊት ከ150 ሚሊዮን ዓመት በላይ በምድር ላይ ኖረዋል። እዚህ ድሬ ለሲሚንቶ የሚፈጨው የኖራ ድንጋይ ዳይኖሰሮች በኖሩበት በጁራሲክ ዘመን አገሩን ሸፍኖ ከነበረ ባሕር ሥር የተጠራቀመ ነው። ያ ባሕር እዚህ ሲንቀሳቀስ ቴሮሶሮች በዓለም ላይ ይበሩ ነበር።

ይበሩ ነበር ስል ስለ ትንንሾቹ ማንም አይከራከርም። እ.ኤ.አ. በ1784 ጣሊያናዊው ኮሊኒ ጀርመን ውስጥ የተገኘውን የመጀመሪያውን ቅሪተ አካል ሲገልጽ የባሕር እንስሳ መስሎት ነበር። በ1801 ፈረንሳዊው ኩቪዬ ግን ሥዕሉን አይቶ የሚበር ተሳቢ እንስሳ ነው አለ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ አታምታቱብኝ።) ኩቪዬን ያሳመነው ጣቱ ነው። የገዛ እጃችሁን ዘርጉና የቀለበት ጣታችሁን ተመልከቱ። ያ ጣት ብቻውን ከክንዳችሁ በላይ እየረዘመ ሄደ እንበል፣ ሌሎቹ ሦስቱ እንደነበሩ ቀሩ፣ ትንሿ ጣት ጠፋች። ከዚያ ከረጅሙ ጣት ጫፍ እስከ እግር ድረስ ስስ ቆዳ ተወጠረ። የቴሮሶር ክንፍ ማለት ይኸው ነው። የሌሊት ወፍ ክንፏን በብዙ ጣት ትወጥራለች፣ ወፍ በላባ ትሸፍናለች፣ ይሄ ግን በአንድ ጣት።

ቆዳው ደግሞ ዝም ብሎ ቆዳ አይደለም። ቀፊራ ገበያ ላይ ለጥላ የሚወጠረውን ሸራ ነፋስ ሲመታው አይታችኋል፣ ካልተወጠረ ይንፈራገጣል፣ ይጮኻል። እንዲህ ባለ ሸራ መብረር አይቻልም። በደንብ የተጠበቁት ቅሪተ አካላት ላይ ክንፉ ውስጥ የተደረደሩ ቀጫጭን ክሮች ይታያሉ፣ ከክሮቹ ሌላ የጡንቻና የደም ሥር ንጣፍም አለው። ማለትም እንስሳው ክንፉን ራሱ ይወጥራል፣ ራሱ ያላላል። የእጁ አንጓ ላይ ደግሞ ወደ ትከሻው የምታመለክት፣ ሌላ እንስሳ የሌለው አንዲት ቀጭን አጥንት አለች፣ ከፊት ያለውን የክንፉን ክፍል የምትቆጣጠር።

እሺ፣ አሁን ወደ ግዙፎቹ።

በ1971 ዳግላስ ላውሰን የሚባል የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ቢግ ቤንድ በሚባለው ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ የአንድ ክንፍ አጥንቶችን አገኘ። በ1975 ለዓለም ሲያሳውቅ ክንፉ ሲዘረጋ ከጫፍ እስከ ጫፍ 15.5 ሜትር ገደማ ይሆናል ብሎ ገመተ። ዛሬ ግምቱ ወደ 10 ወይም 11 ሜትር ወርዷል። ቢወርድም ቀላል አይደለም። አራት ባጃጅ አፍንጫና ጅራት ገጥመው ቢቆሙ ነው። መሬት ላይ ሲቆም ቁመቱ ከቀጭኔ ጋር የሚስተካከል። ስሙ ኬትዛልኮአትለስ ኖርትሮፒ ነው፣ ግማሹ ከአዝቴኮች ባለ ላባ እባብ አምላክ የተወሰደ፣ ግማሹ ጅራት የሌለው አውሮፕላን ይሠራ ከነበረው ከኖርትሮፕ።

ዘመዶችም አሉት። የዮርዳኖሱን ለጋሽ ንጉሤ ስነግራቸው ከትራሳቸው ቀና አሉ። በ1940ዎቹ መጀመሪያ ከአማን ወደ ደማስቆ የሚሄደውን የባቡር ሐዲድ ሲጠግን የነበረ ሠራተኛ ግማሽ ሜትር የሚያልፍ አጥንት አገኘ። አጥንቱ ዞሮ ዞሮ ፈረንሳዊው ካሚል አራምቡር እጅ ገባ። አራምቡርን የእኛ አገር አጥንት ፈላጊዎች ያውቁታል፣ ኦሞ ሸለቆ ከ1932 ጀምሮ የቆፈረ ሰው ነው። ይህን አጥንት ከክንፍ መሰለው፣ በ1959 ቲታኖፕተሪክስ ብሎ ሰየመው፣ ግዙፍ ክንፍ ማለት ነው። ሁለት ጣጣ መጣ። አንደኛ ላውሰን በ1975 አይቶት ይሄ የክንፍ ሳይሆን የአንገት አጥንት ነው አለ። አንድ የአንገት አንጓ፣ ብቻውን 60 ሴንቲ ሜትር የሚያልፍ! ሁለተኛ ደግሞ "ግዙፍ ክንፍ" የሚለው ስም ለካ ቀድሞ ተይዟል፣ ያውም ለአንዲት ትንሽ ዝንብ። በሳይንስ ሕግ ቀድሞ የያዘ ይዟል፣ ስለዚህ በ1989 ግዙፉ ስሙን ለዝንቧ ለቅቆ አራምቡርጊያኒያ ተባለ።

አሁን የአብዲን ክርክር በአብዲ መንገድ እናስላው፣ ምክንያቱም ሞኝ ክርክር አይደለም። ሥጋዬን የወሰደችውን ጭልፊት እንውሰድ። ክንፏ ሲዘረጋ 1.5 ሜትር ገደማ፣ ክብደቷ 800 ግራም ቢሆን ነው። ቅርጿን ሳንነካ ሰባት እጥፍ እናሳድጋት። ክንፏ 10.5 ሜትር ሆነ። የክንፏ ስፋት ግን ሰባት እጥፍ አይደለም የሚያድገው፣ በርዝመትም በወርድም ስለሚያድግ ሰባት ጊዜ ሰባት፣ 49 እጥፍ። ክብደቷስ? በርዝመት፣ በወርድ፣ በውፍረት፣ ሰባት ጊዜ ሰባት ጊዜ ሰባት፣ 343 እጥፍ። 274 ኪሎ ማለት ነው። ለካ ክብደት ከክንፍ ስፋት በላይ ይሮጣል። እያንዳንዱ ካሬ ሜትር ክንፍ ድሮ ከሚሸከመው ሰባት እጥፍ ሊሸከም ነው፣ እንዳትወድቅ ደግሞ ድሮ ከምትበርበት በትንሹ 2.6 እጥፍ መፍጠን አለባት። ጡንቻዋስ ይችላል? ትልቅ ክንፍ ቶሎ ቶሎ አይመታም። ድንቢጥ ስትርገበገብ ክንፏ አይታይም፣ ጆፌ አሞራ ሲመታ ግን መቁጠር ትችላላችሁ። እንስሳው በገዘፈ ቁጥር የሚያስፈልገው ኃይል እየጨመረ፣ ክንፉን የሚመታበት ፍጥነት እየቀነሰ ይሄዳል፣ የሆነ ቦታ ላይ ሁለቱ ይተላለፋሉ። ከዚያ በኋላ መብረር የለም።

በ2009 ካትሱፉሚ ሳቶ የሚባል ጃፓናዊና ባልደረቦቹ ያንን ቦታ ለመለካት ሞከሩ። አልባትሮስና ሌሎች የባሕር ወፎች ላይ ትንንሽ መሣሪያ አሥረው ክንፋቸውን እንዴት እንደሚመቱ መዘገቡ፣ ከዚያም ስሌቱን ወደ ላይ ዘረጉት። ውጤቱ ለአብዲ ሰርግ ነው፣ ከ41 ኪሎ በላይ የሆነ ወይም ክንፉ ከ5.1 ሜትር የሚያልፍ እንስሳ ክንፉን እየመታ አየር ላይ መቆየት አይችልም። ኬትዛልኮአትለስ ሁለቱንም ወሰን ጥሶ ነው የሚገኘው።

እዚህ ድረስ ሳነብ አብዲ አሸንፏል ብዬ ነበር። ከዚያ ግን የሚያሳስብ ነገር መጣ። በ1983 በአሜሪካ ቻርልስተን ከተማ ለአውሮፕላን ማረፊያ ሲቆፈር (ማረፊያ ሲቆፈር፣ በለው!) የአንድ ጥንታዊ የባሕር ወፍ አጥንት ተገኘ። በ2014 ሲጠና ክንፉ 6.4 ሜትር ገደማ ሆነ። የአርጀንቲናው አርጀንታቪስ የሚባለው ደግሞ 70 ኪሎ የሚገመት ወፍ ነው። እነዚህ ሁለቱ በራሪ አይደሉም የሚል ሰው ብዙም የለም። ስለዚህ የሳቶ ወሰን ለወፍም ቢሆን የጠበበ ነው። ቴሮሶር ደግሞ ከነጭራሹ ወፍ አይደለም። እኔ እስከሚገባኝ የዚህ ሁሉ ክርክር ቋጠሮ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ወፍ ያልሆነን ነገር በወፍ ሚዛን እየመዘንን "አልመዘነም" እንላለን።

የት ላይ ነው የሚለየው? አየር ላይ ሳይሆን መሬት ላይ። ጭንቁ መነሳቱ ነው።

ባጃጅ ዳገት ላይ ከቆመበት ሲነሳ ነው የሚያቃስተው፣ አንዴ ከሄደ በኋላ ይቀለዋል። በረራም እንደዚያው ነው። ወፍ ስትነሳ የመጀመሪያውን ግፊት የሚሰጣት ክንፏ አይደለም፣ እግሯ ነው። በእግሯ ትዘልላለች ወይም ትሮጣለች፣ ከዚያ ክንፍ ይረከባል። ስለዚህ ወፍ ሁለት ሞተር ተሸክማ ትዞራለች ማለት ነው፣ አንዱ ለመነሳት፣ አንዱ ለመብረር። አየር ላይ የእግሯ ሞተር ጠፍቶ ዝም ብሎ ጭነት ይሆናል። ወፍ በገዘፈች ቁጥር ለመነሳት ትልቅ እግር ያስፈልጋታል፣ እግሩ በተለቀ ቁጥር ክንፉ የሚሸከመው ይበዛል፣ መጨረሻው ሰጎን ነው። ኃይሉ ሁሉ እግር ላይ ሄዶ ክንፉ ለጌጥ ቀረ።

ቴሮሶርን እንደ ወፍ በሁለት እግሩ አቁማችሁ ዝለል ብትሉት አይችልም። የጭን አጥንቱ ቀጭን ነው። ስለዚህ የድሮ ሳይንቲስቶች ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ ነፋስ ይጠብቅ ነበር፣ ወይም ቁልቁለት እየሮጠ ይነሳ ነበር ይሉ ነበር። ጋሽ ንጉሤ ይህን ስነግራቸው የጠየቁት ጥያቄ ከመጽሐፍ አይገኝም። "እሺ፣ ሜዳ ላይ ላረፈ ቀንስ ምን ይበጀዋል? ተሸክመው ገደሉ ላይ ያውጡት?"

መልሱ የመጣው ከእግር ዱካ ነው። የቴሮሶር ዱካ በብዙ አገር ተገኝቷል፣ ደቡብ ኮሪያ ውስጥ 35 ሴንቲ ሜትር የሚደርስ የግዙፍ ቴሮሶር የእግር አሻራ አለ። ዱካዎቹ በአራት እግር የሚሄድ እንስሳ ናቸው። ክንፉን እንደ ጥላ አጥፎ፣ ረጅሙን ጣት ወደ ላይ ሰብስቦ፣ በቀሩት ሦስት ትንንሽ ጣቶች መሬት እየረገጠ ይሄድ ነበር። በአራት የሚሄድ እንስሳ ደግሞ ለምን በሁለት ብቻ ይዘላል?

ማይክል ሀቢብ የሚባል ተመራማሪ በ2008 ይህን ጥያቄ ወደ ስሌት ቀየረው። የአጥንቶቹን ጥንካሬ እንደ ድልድይ መሐንዲስ ለካ። ወፎች ላይ ሲለካው ጠንካራው የጭን አጥንት ሆኖ ይገኛል፣ ምክንያቱም የመነሳት ሸክሙ እዚያ ነው። ቴሮሶሮች ላይ ግን ተገልብጦ አገኘው። የላይኛው ክንድ አጥንት ከጭኑ እጅግ የበረታ ነው። የኬትዛልኮአትለስ የክንድ አጥንት 54 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል፣ ትከሻው ጋ ጡንቻ የሚያያዝበት ሰፊ ጉብታ አለው። ይህ ክንድ ለመብረር ብቻ ከሆነ ከሚያስፈልገው በላይ ጠንካራ ነው። መዝለያው እሱ ነው አለ ሀቢብ።

ፑሽ አፕ እየሠራችሁ መሃል ላይ መሬቱን በኃይል ገፍታችሁ አጨብጭባችሁ ታውቃላችሁ? ያቺ እጃችሁ ከመሬት የምትለቅባት ቅጽበት ናት ነገሩ። እንስሳው ዝቅ ይላል። የኋላ እግሮቹ መጀመሪያ ይገፋሉ፣ ገላው በእጆቹ ላይ ወደፊት ይወረወራል፣ ከዚያ ሁለቱ እጆች፣ እነዚያ የበረራ ጡንቻ የተሸከሙት እጆች፣ መሬቱን ፈንግለው ይተኩሱታል። ክንፉ የሚዘረጋው ገላው ከፍ ካለ በኋላ ነው። መንደርደሪያ የለም፣ ገደል የለም። ይሄ ተረት እንዳይመስላችሁ ዛሬም የሚሠራው አለ፤ የላቲን አሜሪካዋ ደም መጣጭ የሌሊት ወፍ ከብት ሥር መሬት ላይ ሆና የምትነሳው በክንዷ ገፍታ ነው። አንድ ሞተር ለሁለት ሥራ። ወፍን የሚያስራት ገመድ ቴሮሶርን አያስረውም ማለት ነው፣ ለዚያም ይመስለኛል ከየትኛውም በራሪ ወፍ አልፎ የገዘፈው።

ሁሉም ተስማምቷል ግን አልልም። በ2021 መጨረሻ የኬትዛልኮአትለስ አጥንቶች በሰፊው ተጠንተው ሲታተሙ ኬቪን ፓዲያንና ባልደረቦቹ በአራት እግር የሚለውን አልተቀበሉም። እንደ ሽመላ በኋላ እግሩ ከ2 ሜትር በላይ ወደ ላይ ዘልሎ ነው ክንፉን የሚመታው አሉ። እኔ ወደ ሀቢብ አደላለሁ፣ ያ የክንድ አጥንት ሌላ ሥራ ከሌለው ትርፍ ነውና። ልብ በሉልኝ ግን፣ ሁለቱም የሚጣሉት እንዴት ተነሳ በሚለው ላይ ነው። መነሳቱ ላይ አይጣሉም።

ክብደቱስ? እውነቱን ለመናገር ክብደቱ ላይ የተጻፈውን ሁሉ ሳነብ ሳቄ ነው የመጣው። ድሮ 70 ኪሎ ገደማ የሚሉ ነበሩ፣ ቀጭኔ የሚያህል እንስሳ እንደ አንድ ደህና የበላ ሰው! በ2010 ዶናልድ ሄንደርሰን በኮምፒውተር ቀርጾ 544 ኪሎ ነው፣ ስለዚህ አይበርም አለ። በዚያው ዓመት ማርክ ዊተንና ሀቢብ የገላው ግንድ ከልክ በላይ ተልቋል ብለው ከ200 እስከ 250 ኪሎ ነው፣ ይበራል ሲሉ መለሱ። ዛሬ ብዙው ሰው የሚይዘው ይህን ነው። ከባዶ ባጃጅ አይበልጥም። ልዩነቱ የበዛው ሰዎቹ ስለማያውቁ አይደለም፣ የግዙፉ ኬትዛልኮአትለስ የተገኘው በዋናነት የክንፍ አጥንት ስለሆነ ነው። የቀረው ገላ የሚገመተው እዚያው አካባቢ በብዛት ከተገኘው ከትንሹ ዘመዱ ነው፣ ክንፉ 4.5 ሜትር ከሆነው። በ2021 ያኛው ለላውሰን ክብር ላውሶኒ ተባለ።

የአጥንቱ አሠራርም ይረዳል። አጥንቱ ባዶ ነው፣ ግድግዳው በጥቂት ሚሊ ሜትር የሚቆጠር፣ ውስጡ አየር። ቀርከሃ አስቡ፣ ወይም የብስክሌት ፍሬም። ያንኑ ያህል ብረት ድፍን ዘንግ አድርጋችሁ ብትሠሩት ቶሎ ይጎብጣል፣ ወፍራም ቱቦ ካደረጋችሁት ግን ይቋቋማል። ይህን ለድሬ ብየዳ ቤቶች ማስረዳት አያስፈልግም።

በነገራችን ላይ "ያኔ የመሬት ስበት ደካማ ነበር" የሚል ነገር በየቪዲዮው ስር ታያላችሁ። አልነበረም። ስበት የሚመጣው ከምድር ክብደትና ስፋት ነው፣ ምድር በ66 ሚሊዮን ዓመት ውስጥ ይህን የሚቀይር ክብደት አልጨመረችም። "አየሩ ወፍራም ነበር" የሚለውም ቢሆን ለስሌቱ አያስፈልግም፣ እነ ሀቢብ የዛሬውን አየር ይዘው ነው የሚያበሩት።

ለማየት የሞከረ ሰውም አለ። ፖል ማክሬዲ የሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ፣ በሰው እግር ኃይል በሚዘወር አውሮፕላን በ1979 ከእንግሊዝ ፈረንሳይ ያሻገረው፣ በ1980ዎቹ አጋማሽ የኬትዛልኮአትለስን ግማሽ የሚያህል ሞዴል ሠራ። ክንፉ 5.5 ሜትር፣ ሞተር ያለው፣ ክንፉን የሚመታ። ጅራት ስለሌለው ሚዛኑን የሚጠብቅ ኮምፒውተር ተገጠመለት። በበረሃ ላይ በረረ። በ1986 ግን በሕዝብ ፊት ሊያሳዩት ሲሞክሩ ተከሰከሰ። አብዲ ይሄን ሲሰማ እግሩን እየመታ ሳቀ። ይሳቅ፣ ሞዴሉ በራሱ ተነስቶም አያውቅም፣ በገመድ ተስቦ ነው የሚነሳው። ማለትም ያቺን ዋናዋን ጥያቄ አልነካትም። ያረጋገጠው እንዲህ ያለ ቅርጽ ጅራት ሳይኖረው ክንፉን እየመታ አየር ላይ መቆየት እንደሚችል ነው።

አንድ ሌላ ማስረጃ ለእኔ ከስሌቱ ሁሉ ይበልጥብኛል። መብረር የተወ እንስሳ ያስታውቃል። ሰጎንን እዩ፣ ክንፏ ከተተወ ወዲህ እየሟሸሸ ሄዷል፣ ጡንቻ የሚያያዝበት የደረት አጥንቷ ጠፍጣፋ ሆኗል። ግዙፎቹ ቴሮሶሮች ላይ ግን የሟሸሸ ነገር የለም። ክንዱ ወፍራም፣ ትከሻው የተቆለፈ፣ የክንፍ ጣቱ እንዳለ። የማይበር እንስሳ ያን ሁሉ ክንፍ አጥፎ እየጎተተ ለሚሊዮን ዓመታት አይዞርም።

እንዴት ይበር ነበር የሚለው ሌላ ጉዳይ ነው። ድሬ ላይ ቀትር ላይ ቀና ብላችሁ ብታዩ አሞራዎች ክንፍ ሳይመቱ ይዞራሉ፣ ይዞራሉ፣ ነጥብ እስኪሆኑ ድረስ ወደ ላይ ይወጣሉ። ከጋለው መሬት የሚነሳው ሞቃት አየር ነው የሚያወጣቸው፣ ነዳጅ አያቃጥሉም። ኬትዛልኮአትለስም እንዲህ እያለ ረጅም ርቀት ያለ ዕረፍት ይጓዝ ነበር የሚሉ አሉ፣ እነ ዊተንና ሀቢብ እዚህ ወገን ናቸው። በ2022 ግን በዩሱኬ ጎቶ የተመራ ጥናት ወጥቶ ክንፉ ለሚሸከመው ክብደት ጠባብ ስለሆነ በሞቃት አየር ላይ መንሳፈፍ አይሆንለትም አለ። ያመሳሰሉት ከኮሪ ባስታርድ ጋር ነው። ይህን ወፍ በአዋሽ በኩል በመኪና የተጓዘ ሰው ሊያየው ይችላል፣ ሣር ውስጥ ኮራ ብሎ የሚራመድ፣ ወንዱ እስከ 18 ኪሎ የሚመዝን፣ ዛሬ ከሚበሩት እንስሳት ከባዱ። ይበራል፣ ግን ሲቸግረው። ቀኑን በእግሩ ነው የሚውለው።

ይህ ከአመጋገቡም ጋር ይገጥማል። የአብዲ ቪዲዮ ውስጥ ግመል የተነሳው በጥፍር ነበር። የቴሮሶር እግር ግን የጭልፊት እግር አይደለም፣ ጠፍጣፋ ነው፣ ለመርገጥ እንጂ ለመንጠቅ አልተሠራም። በዛሬው ግምት ግዙፎቹ ሜዳ ለሜዳ እየተራመዱ፣ በዚያ ረጅም አንገት ጎንበስ እያሉ፣ ትንንሽ እንስሳ በምንቃራቸው እየለቀሙ ይውጡ ነበር። ሐዋሳ ዓሣ ገበያ ያያችኋቸውን አባ ኮዳዎች ቀጭኔ አሳክላችሁ አስቧቸው። ሥጋ ከእጅ አይነጥቅም። ከነፌስታሉ ሰውዬውን ግን እንጃ።

ይህን ሁሉ ለአብዲ ካነበብኩለት በኋላ ዝም ብሎ ቆየና "እሺ ይነሳ። ይብረር። ያን የሚያክል ነገር ሲያርፍስ? ፍሬን የለው!" አለ።

ለዚህም ዱካ አለ፣ የግዙፉ ባይሆንም። ፈረንሳይ ክሬሳክ በሚባል ቦታ በጁራሲክ ዘመን ጭቃ ላይ አንድ ትንሽ ቴሮሶር ሲያርፍ የተወው አሻራ ድንጋይ ሆኖ ቀርቷል፣ በ2009 ታትሟል። ከፊቱ ምንም ዱካ የለም፣ ከአየር ነው የመጣው። መጀመሪያ ሁለቱ የኋላ እግሮች ጎን ለጎን አርፈዋል፣ ጣቶቹ ጭቃውን ትንሽ ጎትተውታል። ከዚያ አንድ አጭር ዝላይ። ከዚያ እጆቹ መሬት ነኩ፣ በአራት እግሩ እየተራመደ ሄደ።